በጠርሙስ ውሃ የተያዘ ትንፋሽ

ሕፃን ልጅ እንደ ሽማግሌ ሲያቃስት መጀመሪያ የሰማሁት ከገዛ ልጄ ነው። አላለቀሰችም። አዋላጇ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት፣ ከመዳፍ ብዙም ከማትበልጠው ገላ "እህ... እህ..." የሚል ድምፅ ወጣ። አብረውኝ የመጡት ጎረቤቴ በር ላይ ቆመው "እሰይ፣ ድምፅ አላት!" አሉ። አዋላጇ ግን ዶክተሩን እንዲጠሩ ወደ ኮሪደሩ ጮኸች።

ያን ጊዜ አሰብ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። ከደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ዕጣ ሲወጣ አሰብ ደረሰኝ፤ እናቴ "ልጄን እሳት ውስጥ ጣሏት" ብላ አለቀሰች። እኔ ሙቀቱን ለመድኩት፣ ትዳርም እዚያው ያዝኩ። ባለቤቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ኦፕሬተር ነበር። ስምንተኛ ወሬን ገና እንደያዝኩ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ወገቤን ቆረጠኝ። ሙቀቱ ነው ብዬ ጠመኔውን አልለቀቅኩም። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ጠረጴዛውን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ተማሪዎቼ እየሮጡ ርዕሰ መምህሩን ጠሩልኝ። በማግስቱ ማለዳ ሆስፒታል ውስጥ ተገላገልኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ከውጭ ተምሮ በመጣ በዓመቱ ነው አሰብ የመደቡት። ልጄን ገልጦ አያት። በተነፈሰች ቁጥር የደረቷ አጥንት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫዋ ይነፋል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ሳንባዋ አልበሰለም" አለን። "ስትስብ ይከፈታል፣ ስታስወጣ ግድግዳው እንደ እርጥብ ላስቲክ ተጣብቆ ይቀራል። እያንዳንዱን ትንፋሽ እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው። እስከ መቼ ትችለዋለች?"

"አዲስ አበባ ብንወስዳትስ?" አለ ባለቤቴ። "ዛሬ አውሮፕላን አለ።"

"አውሮፕላን ማረፊያው ሳትደርሱ መንገድ ላይ ትቀርባችኋለች።"

ከዚያ በእጁ ወደ መስኮቱ አመለከተ። "ያለን እሱ ነው። እሱም ተይዟል።"

መስኮቱ ሥር አንዲት ወጣት የአፋር ሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ትንሽ የእንጨት አልጋ አለች፤ አልጋዋ ላይ እንደ ልጄ ያለች፣ ምናልባትም ከእሷ ያነሰች ሕፃን ተኝታለች። ከኦክስጅኑ ቦምቦላ የወጣ ጎማ አፍንጫዋ ድረስ መጥቶ በፕላስተር ተለጥፏል። ሌላ ጎማ ደግሞ ከአፍንጫዋ ተነስቶ ወለሉ ላይ ወዳለ የግሉኮስ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ ጠልቋል። ውሃው ያለማቋረጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ዶክተሩ ነገሩን ያስረዳው ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው፤ ስለ ግፊት የሚያውቅ ሰው ማግኘቱ ደስ ሳይለው አልቀረም። "አየሩ ውሃውን ገፍቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሕፃኗ ስታስወጣ ሁሉም አይወጣም፤ ሳንባዋ ውስጥ ትንሽ ይቀራል፣ ግድግዳው አይጣበቅም። ጎማው ውሃው ውስጥ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ከበዛ ሳንባዋን ይጎዳል፤ ካነሰ አይይዝላትም። ልኩን ማግኘት ነው።" ጠርሙሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ጎማውን እያየ ጨመረ። "ተምሬው ነው እንጂ በእጄ ስሠራው ይሄ መጀመሪያዬ ነው።"

"ቦምቦላ ከሆነ ከወርክሾፕ አመጣለሁ" አለ ባለቤቴ።

"ቦምቦላ አላጣንም። በሕፃን አፍንጫ ልክ ቀስ አድርጎ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ነው ያጣነው። ያለን አንድ ነው፤ ለሁለት ብንከፍለው ለሁለቱም ይደክማል።"

ልጄን ከዚያች ሕፃን ጎን አስተኟት። አፋርኛ የምታውቅ አንዲት ሲስተር ነበረች፤ አጠገቧ ተቀምጣ መተንፈስ እንዳትረሳ ውስጥ እግሯን በጣቷ ትነካካታለች። ልጄ ለአፍታ ታቆማለች፣ ሲስተር ትነካታለች፣ ደንገጥ ብላ ትቀጥላለች። እኔ ጠርሙሱን አያለሁ። የአፋሯ ሴትም ጠርሙሱን ታያለች። አንዴ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ሁለታችንም ወዲያው ወደ ጠርሙሱ ተመለስን።

ጠዋቱ እንዲህ አለፈ። እኩለ ቀን ላይ፣ መስኮቱ የሚያስገባው ንፋስ እንደ ምድጃ ትንፋሽ ሲሆን፣ ሲስተር ተነስታ የአፋሯን ሕፃን ልታይ ጎንበስ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አነሳችው፣ መልሳ አደረገችው። ዶክተሩን ጠራችው። እሱም ጆሮው ላይ መስሚያውን ሰክቶ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

እናትየው ግን ፈገግ እንዳለች ነበር። ወደ ጠርሙሱ እያመለከተች ለሲስተር አንድ ነገር ተናገረች፤ ሲስተር ዓይኗን ወደ ዶክተሩ አዞረች። በኋላ ስጠይቃት ነገረችኝ። "እዩ፣ ውሃው እየተነፈሰ ነው" ነው ያለችው።

ውሃው እውነትም ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር። አየሩ ከቦምቦላው ነው የሚመጣው፤ ሕፃኗ ተነፈሰችም አልተነፈሰችም ጠርሙሱ ሥራውን አያቆምም። ልጅቷ መቼ እንደሞተች ማናችንም አላወቅንም። ሁለት እናቶች ዓይናችንን ሳንነቅል ያየነው የሞተች ልጅ ትንፋሽ ነበር።

ዶክተሩ ፕላስተሩን ቀስ አድርጎ ላጠና ሕፃኗን አንስቶ ለእናቷ ሰጣት። ጎማውን እንደያዘ ቆመ። አላዘዘም፣ አልተንቀሳቀሰም። ሲስተርም ጭንቅላቷን ደፍታለች። ልጄ አጠገቤ ታቃስታለች። ያን ጊዜ የአፋሯ ሴት የሞተች ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ አንድ ቃል ተናገረች። ድምፅዋ ቁጣ ይመስላል።

"ምን አለች?" አለ ዶክተሩ።

"'ቶሎ በሉ' ነው የምትለው" አለች ሲስተር።

ጎማውን አጠቡት፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገቡትን ጫፎች በአልኮል ጠረጉ፣ ለልጄ አደረጉላት። እኔ ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። ጥቂት ቆይቶ ማቃሰቷ ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ። ከንፈሯ ቀስ በቀስ ቀይ መጣበት። ደስ እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ ደስታው አልመጣም። ከኋላዬ የዚያች ሴት የታፈነ ለቅሶ ይሰማኛል።

የሴትየዋ ወንድም ከመንደራቸው ከበይሉል መጥቶ ሕፃኗን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ቀበራት። ባሏ በሳንቡክ ጀልባ ዒድ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄዶ ነበር፤ ገና አልሰማም። እሷ ትኩሳት ስለነበራት ዶክተሩ እንዳትሄድ ከለከላት። እዚያው ክፍል፣ እዚያው መስኮት ሥር ቀረች። የልጇ ቦታ ላይ ልጄ ተኝታለች። ሴትየዋም ዓይኗን ከልጄ ላይ አትነቅልም።

ጎረቤቴ ምግብ ይዘው ሲመጡ አዩዋት። ባላቸው ወደብ የሚሠራ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ሴት ናቸው።

"ይቺ ሴትዮ ምን ታፈጣለች?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሐዘንተኛ ናት፣ አንጀቷ ተቃጥሏል። ሌላ ክፍል እንዲያደርጓት ንገሪ።"

"እንዴት ብዬ ነው የምናገረው፣ እትዬ?"

"ለልጅሽ ስትይ ነዋ!"

አልተናገርኩም። ልጄን የሚያስተነፍሰው ጎማ የልጇ ነበር፤ ክፍሉንም ልቀማት?

ወተቴ አልመጣ አለ። ሲስተር በቀጭን ቱቦ የስኳር ውሃ ለልጄ ሆድ ትሰጣለች፤ ይሄ ብቻውን እንደማያቆያት ግን ከሲስተር ፊት አውቃለሁ። የአፋሯ ሴት ቀሚስ ደግሞ ደረቱ ላይ ርሷል። ለሲስተር አንድ ነገር አለቻት፤ ሲስተር ወደ እኔ ዞረች።

"'ወተቴ መሬት እየፈሰሰ ነው፤ ያቺ ልጅ ለምን ትራባለች?' ትላለች።"

እትዬ አማተቡ። "ገና ክርስትና ያልተነሳች ልጅ!" አሉ። ባለቤቴን አየሁት። ከፈረቃ በቀጥታ መጥቶ ነበር፤ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። "ትኑርልኝ እንጂ ከማንም ትጠጣ" አለ። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በንጹሕ ብርጭቆ አለበች። ሲስተር በመርፌ እየቀዳች በቱቦው ጠብ ጠብ አደረገችው። ልጄ በመጀመሪያ የቀመሰችው የእናት ወተት የእሷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችን ልጄን በተራ እንጠብቅ ጀመር። ቋንቋ አልነበረንም፤ እሷ ከገበያ የለቀመቻት ትንሽ አማርኛ አለቻት፣ እኔ ሰላምታ ያህል አረብኛ አለኝ። እኔ እንደ ልማዴ ጠርሙሱን ሳይ አገጬን በእጇ ይዛ ፊቴን ወደ ልጅቷ አዞረችው። "ውሃ ተይ" አለችኝ። "ደረት እይ።"

አንድ ቀን ከሰዓት እኔ ደክሞኝ ግድግዳ ተደግፌ ሸለብ እንዳደረገኝ ጩኸቷ ቀሰቀሰኝ። በላብ የረጠበው ፕላስተር ለቅቆ ጎማው ከአንዱ አፍንጫዋ ወጥቷል፤ ልጄ ዓመድ መስላለች። ሴትየዋ በአንድ እጇ ጎማውን የልጄ አፍንጫ ላይ ይዛ፣ በሌላው ውስጥ እግሯን እየነካካች፣ ስም እየጠራች ትጮኻለች። ሲስተር ሮጣ መጣች። ልጄ ደንገጥ ብላ ሳበች። ያ የምትጠራው ስም የልጄ አልነበረም፤ እኛ ገና ስም አላወጣንላትም ነበር። ለሞተችው ልጇ ልታወጣላት ያሰበችው ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም።

ሳምንት ከምናምን አልፎ ዶክተሩ ጎማውን አነሳ። ልጄ ብቻዋን ተነፈሰች። የሴትየዋ ባል ከዒድ ተመልሶ ሊወስዳት መጣ፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው። ልጄን ከሩቅ አየት፣ "አልሐምዱሊላህ" አለ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ጠበቃት። እሷ ከመሄዷ በፊት ጆሮዋን የልጄ ደረት ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

ቤት ስንገባ ዝምታው አላስተኛኝ አለ። ያን ድምፅ የጠላሁት መስሎኝ ነበር፤ ሲጠፋ ግን ልጄ አብራው የጠፋች ይመስለኛል። ድስት ሲንተከተክ፣ ገንዳ ሲሞላ፣ ባሕሩ ዳር ድንጋይ ሥር ውሃ ሲገባና ሲወጣ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ ደግሞ ትዝ ይለኛል፤ ድምፁ የማንም ትንፋሽ አይደለም።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ሴትየዋ ደግሞ ትመጣ ጀመር። ከበይሉል በጭነት መኪና፣ ኬላው ላይ ይለፍ አሳይታ፣ የደረቀ ዓሣ ወይም የፍየል ቅቤ ይዛ ትመጣለች። ጆሮዋን የልጄ ደረት ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በዚያ ስም ትጠራታለች። ልጄ አፍ ስትፈታ "አቤት" ትላታለች፤ እኛ ባወጣንላት ስም ስንጠራት አንዳንዴ እንዳልሰማ ሆና፣ በዚያኛው ሲሆን ግን ከጓዳም ቢሆን ሮጣ ትወጣለች።

"ይሄን ነገር አስቁሚ" አለኝ ባለቤቴ አንድ ቀን።

"አንተ አስቁማት" አልኩት። አላስቆማትም።

ትልልቆች ሲያወሩ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ፀጉሯን እያበጠርኩላት "እማዬ፣ የሞተችው እኔ ነኝ?" አለችኝ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። "አይደለሽም፤ አንቺማ ይኸው አለሽ" አልኳት። "እሷስ የት አለች?" አለችኝ። ፀጉሯን ጎንጉኜ ወደ ደጅ ላክኋት።

በዚያው ሰሞን ሴትየዋ መጣች። ባለቤቴ ለልጄ ለስላሳ ገዝቶላት ነበር። ልጄ ከፊታችን ተቀምጣ በስትሮ መጠጣቷን ትታ እፍ አለችበት። ጠርሙሱ ቡልቅ ቡልቅ አለ። እኔና ሴትየዋ ደርቀን ቀረን። ልጄ ድምፁ ደስ ብሏት እየሳቀች ደጋገመችው። ሴትየዋ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች፤ ተከተልኳት። አማርኛዋ በእነዚያ ዓመታት ተሻሽሏል።

"የኔ ልጅ ጊዜ ጎማው ታች ነበር" አለችኝ።

"የት ታች?"

በአንድ እጇ ጠርሙስ እንደያዘ ሰው አደረገች፤ በሌላው ጣቷ ከሥሩ ጠጋ ብላ አሳየችኝ። "እዚህ። ያንቺ ልጅ ጊዜ ዶክተሩ ቆመ፣ አሰበ። ከዚያ ወደዚህ ሳበው።" ጣቷን ወደ ላይ አነሳችው።

"አይተሻል?"

"ልጄን ይዤ አየሁ።"

ክንዷን ያዝኩት። "ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?"

ሞኝ እንዳየች ሰው አየችኝ። "ብናገር መልሶ ታች ያደርገዋል ብዬ ፈራሁ።"

ወደ ቤት ተመልሳ ልጄን ታቅፋ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የበይሉሉ መኪና ሲመጣም እንደ ሁልጊዜው ልጄን ስማት ሄደች።

ለባለቤቴ ነገርኩት። "ልኩን ሲፈልግ ነዋ" አለ። "ያቺ ልጅ ባትቀድም ኖሮ ልኩን በእኛይቱ ነበር የሚሞክረው።" ከአፉ እንደወጣ ፊቱ ተለወጠ። ዳግመኛ ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም።

ዶክተሩን ልጠይቀው ሆስፒታል ሄድኩ። ወደ ሰሜን ግንባር ከተላከ ቆይቷል አሉኝ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ሲስተር ግን ነበረች። ሻሿን እያስተካከለች አዳመጠችኝ።

"ሁለቱ አንድ አልነበሩም" አለች። "የመጀመሪያዋ ስትመጣም በጣም ደካማ ነበረች። ጎማው ወደ ላይ ከፍ ቢል ኖሮ ትድን ነበር ማለት አልችልም፤ አትድንም ማለትም አልችልም።"

"እሱስ ስለዚህ የነገረሽ ነገር አለ?"

"በዚያን ሰሞን ምሳ አይበላም ነበር" አለችኝ። ከዚህ ሌላ የምታውቀው የለም።

ጦርነቱ ወደ ባሕሩ ሲቀርብ ኬላው ጠበቀ፤ የበይሉል መኪኖችም አነሱ። ሴትየዋ ከመጣች ቆየች። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሲዛወር ዓሣ በሚሸጡ ሰዎች በኩል መልእክት ላክንባት፤ ደረሳት አልደረሳት አላወቅንም። ጠበቅናት፣ አልመጣችም። አውሮፕላኑ ውስጥ ልጄ መስኮት ጋ ተቀምጣ ከታች ያለውን ነጭ የጨው ሜዳ እያየች፣ ያንን ስም ለራሷ ደጋግማ ትል ነበር። ዝም በይ ማለት አልሆነልኝም።

እትዬ ከለውጡ በኋላም አሰብ ቆይተው ነበር። ከዓመታት በኋላ ተፈናቅለው አዲስ አበባ ገቡ፤ አፈላልገው ቤቴን ያገኙት ግን ብዙ ቆይተው ነው። ልጄ ትልቅ ሴት ሆና ሥራ ይዛ ነበር፤ ጤነኛ ናት፣ ደረጃ ስትወጣ ትንሽ ያለከልካታል እንጂ። እትዬ አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ስለ አሰብ አወሩን።

"ያቺ የአፋር ሴት መጥታ ነበር" አሉ። "እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ። ቤታችሁ ሌላ ሰው ገብቶበታል። 'ልጄ የት ሄደች?' አለችኝ። አዲስ አበባ አልኳት። አዲስ አበባ ሩቅ ነው ወይ አለችኝ። ሩቅ ነው አልኳት። እሺ ብላ ደጃፋችሁ ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣችና ሄደች።"

"እንዴት ነበረች?" አልኳቸው። "ከስታለች?"

"ከስታለች። ግን ሕፃን አዝላ ነበር።"

ልጄ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። "እህቴ ናት ወይስ ወንድሜ?" አለቻቸው።

እትዬ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ። ወንድ ይሁን ሴት አላዩም፤ ፀሐይ እንዳይመታው በነጠላ ሸፍናው ነበር።